ለአንድ ኩንታል ስንዴ ስንት መብራት?

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቶች ስለ ስንዴ ዋጋ ሲያወሩ ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። ስለ መብራት የሚያወሩት ግን ቢል በመጣ ቀን ነው፤ በማግስቱ ይረሳል። ድርጅቶች የኤሌክትሪክ ወጪያቸውን እንዲቆጣጠሩ የሚያግዝ አማካሪ አለ ሲባሉ ደግሞ ብዙዎቹ “እሱ ምን ሊያደርግልኝ? ታሪፉን አይቀንስልኝ” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በምልልስ አቀረብሁት። ቦታው አዳማ፣ በቀን 600 ኩንታል ስንዴ መፍጨት የሚችል ፋብሪካ ነው። ተናጋሪዎቹ ባለቤቲቱ፣ አማካሪው መሐንዲስና የጥገናው ኃላፊ ናቸው። ሰዎቹን የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ፤ የፋብሪካው አኃዝም ለማስረዳት የተመረጠ ነው። የማሽኖቹ ጠባይና ስሌቱ ግን የትኛውም ዱቄት ፋብሪካ ገብተው የሚያገኙት ነው።

ባለፋብሪካዋ፦ ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ። ቡናው እስኪፈላ ይሄን ቢል እየው። ይኼኛው የዚህ ወር ነው፣ ያኛው ያምና። ማሽን አልጨመርኩም። ስንዴ እንደልብ ስለማይገኝ እንዲያውም የምፈጨው ቀንሷል። ቢሉ ግን ወደ ላይ ነው።

አማካሪው፦ አንዱ ምክንያት ታሪፉ ነው፣ እትዬ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ነው የተወሰነው። እሱን እኔም እርስዎም አንቀንሰውም።

ባለፋብሪካዋ፦ እሱ ነው የማይገባኝ። ጳጉሜን 4 ቀን ሕዳሴ ሲመረቅ እዚሁ ቢሮ ከሠራተኞቼ ጋር እልል ብያለሁ። ቦንድም ገዝቻለሁ። 5,150 ሜጋዋት እያመነጨን መብራት የሚወደደው ለምንድን ነው?

አማካሪው፦ ግድቡ ኃይሉን ያመነጫል። ያንን ኃይል ከጉባ አዳማ የሚያደርሰው መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው ሌላ ወጪ ነው። ዕቃው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እየተወሰነ ዶላሩ የት እንደደረሰ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ። በዚያ ላይ የቆየ ዕዳ አለ፤ ታሪፉም ለረጅም ዓመታት ወጪውን ሳይሸፍን ነው የኖረው። ስለዚህ መብራት ይረክሳል ብለው ዕቅድ አያውጡ። እኔ ላግዝዎት የምችለው ከቆጣሪው ወዲህ፣ ከግቢዎ አጥር ውስጥ ባለው ነው።

ባለፋብሪካዋ፦ እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ ካሁን በፊትም መጥቶልኛል። “30 በመቶ እቀንስልሻለሁ” ብሎ አንድ ሳጥን ሸጠልኝ። ፓኔሉ ላይ ተሰቅሎ ቀይ መብራት ያበራል። ቢሉ አልቀነሰም። ስጠይቀው “ታሪፍ ስለጨመረ ነው” አለኝ።

አማካሪው፦ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቁበት ነገር ነበረዎት?

ባለፋብሪካዋ፦ ምን ይኖረኛል? ቢሉ ብቻ።

አማካሪው፦ ችግሩ ይኼ ነው። ቢል ብር ይነግርዎታል። በብር ውስጥ ታሪፉ አለ፣ የፈጩት መጠን አለ፣ የባከነው አለ፤ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ታሪፍ ሲጨምር ቆጣቢውም አባካኙም ቢሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ቁጥር እንፈልጋለን፤ አንድ ኩንታል ስንዴ ለመፍጨት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል? ታሪፉ እጥፍ ቢሆን ይኼ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ከተንቀሳቀሰ የተለወጠው ፋብሪካው ነው። ባለፈው ወር ስንት ኩንታል ገባ?

ባለፋብሪካዋ፦ በቀን 300 ገደማ። 25 ቀን ሠርተናል።

አማካሪው፦ 7,500 ኩንታል። ቢሉ ላይ ያለው ደግሞ 83 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ነው። በኩንታል 11 ይመጣል። ደህና የሚሠራ የእርስዎን ዓይነት ፋብሪካ ከ6 እስከ 8 ይበቃዋል።

ባለፋብሪካዋ፦ 11? ታዲያ ትርፉ የት ይሄዳል?

አማካሪው፦ እሱን ለማወቅ መዞር አለብን። ከመነሳታችን በፊት ግን ቢሉን እንጨርሰው። ይቺን 120 የምትል ቁጥር ያዩዋታል? ማባዣ ናት። የእርስዎ ኃይል በቀጥታ በቆጣሪው ውስጥ አያልፍም፤ 600 አምፔሩን ወደ 5 የሚያወርድ መለኪያ ትራንስፎርመር አለ፣ ቆጣሪው ያነበበው በ120 ይባዛል። አንድ አኃዝ በስህተት ቢነበብ ስህተቱም በ120 ይባዛል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ቆጣሪው ላይ የተጻፈውንና ቢሉ ላይ የተጻፈውን ማመሳከር፣ የተገጠመው መለኪያም በእርግጥ 600 በ5 መሆኑን ማየት ነው። ቀጥሎ በየትኛው የታሪፍ ምድብ እንደተመዘገቡ አያለሁ። ኢንዱስትሪ ሆኖ በንግድ ምድብ የሚከፍል ድርጅት ካለ ሳይመረመር ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። የእርስዎ ትክክል ነው።

ባለፋብሪካዋ፦ “ዲማንድ” የሚለውስ? እሱን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።

አማካሪው፦ በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሳቡት ትልቁ ኃይል ነው። ብዙ ቆጣሪዎች የ15 ደቂቃ አማካይ እየያዙ ከሁሉ ከፍ ያለውን ይመዘግባሉ። ለፈጁት ኃይል አንድ ሒሳብ፣ ለዚህ ከፍታ ሌላ ሒሳብ ይከፍላሉ። ወሩን ሙሉ ቆጥበው አንድ ቀን ሁሉንም ማሽን አብረው ቢያስነሱ የከፍታው ሒሳብ በዚያች ቀን ይታሰባል። የእርስዎ 200 ኪሎዋት ነው።

(እዚህ ላይ የጥገናው ኃላፊ ገባ። ፋብሪካው ከተተከለ ጀምሮ ያለ፣ ማሽኑን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሳያናግር ሪፖርት የሚጽፍ አማካሪ አለ፤ እንዲህ ያለው ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።)

አማካሪው፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎን ነበር የምፈልገው። ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል?

የጥገና ኃላፊው፦ 24 ሰዓት። ስንዴ ስላነሰ የሚገባውን በግማሽ ቀንሼ ሌትና ቀን እንዲዞር አድርጌዋለሁ። ማቆም አልወድም። ባቆምኩት ቁጥር ሲነሳ ወፍጮው ይታፈናል፣ ቀበቶ ይበጠሳል።

አማካሪው፦ ስንዴ ሳይገባ ባዶውን ሲዞር ስንት እንደሚስብ ለክተው ያውቃሉ?

የጥገና ኃላፊው፦ ባዶውን ማን ይለካዋል? ጭነት ሲኖር ነው የምለካው።

አማካሪው፦ አሁን እንለካው።

(ፓኔሉ ፊት ቆሙ። የጥገና ኃላፊው የስንዴውን መግቢያ ዘጋ፤ ወንፊቶቹ ባዶአቸውን መወዛወዝ ጀመሩ፣ ሮለሮቹ ለብቻቸው ዞሩ፣ ዱቄቱን በቱቦ የሚስበው ብሎወር እንደወትሮው ጮኸ። አማካሪው መለኪያውን በሦስቱም መስመር ላይ አሠረ፤ 90 ኪሎዋት። መግቢያው በግማሽ ተከፈተ፤ 125። ሙሉ ሲከፈት 160።)

አማካሪው፦ እትዬ፣ ይመልከቱ። ፋብሪካው አንድ ፍሬ ስንዴ ሳይፈጭ 90 ኪሎዋት ይበላል። ሙሉ ሲፈጭ 160። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስንዴ ኖረ አልኖረ የማይቀር ነው። አሁን እናስላው። በሰዓት 25 ኩንታል ሲገባ 160 ለ25 ሲካፈል 6.4 ይመጣል። በግማሽ ሲሄድ 125 ለ12.5 ሲካፈል 10። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ ግማሽ እየመገቡ ሲፈጩ ግን በኩንታል 3.6 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ይጨምራሉ።

ባለፋብሪካዋ፦ ቆይ፣ በቀን ንገረኝ።

አማካሪው፦ 300 ኩንታሉን በ24 ሰዓት ሲፈጩ 3,000 ኪሎዋት ሰዓት። ያንኑ 300 ኩንታል ሙሉ መግበው በ12 ሰዓት ቢጨርሱ 1,920። ልዩነቱ በቀን 1,080 ነው፤ በ25 ቀን 27 ሺህ። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም።

የጥገና ኃላፊው፦ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በየቀኑ ማቆምና ማስነሳት ማለት እኮ ነው! መታፈኑስ?

አማካሪው፦ የሚታፈነው በሆዱ ስንዴ እያለ ሲቆም ነው፣ ጋሼ። መብራት በድንገት ሲሄድ እንደሚሆነው። መግቢያውን አስቀድመው ዘግተው ሮለሩም ቱቦውም እስኪጠራ ቢጠብቁ በባዶው ይቆማል፣ በባዶው ይነሳል። ይኼን ከኔ በላይ ያውቁታል።

የጥገና ኃላፊው፦ አውቀዋለሁ። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ግን ፈረቃው ሦስት ነው፤ ማታ የሚገባው ቡድን ምን ይሠራል?

ባለፋብሪካዋ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። መብራት ለመቆጠብ ብዬ ሰው አላባርርም። የማታው ፈረቃ ውስጥ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አለች፣ አሥር ዓመት አብሮኝ የኖረ አለ። ቁጠባህ እነሱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ይቅርብኝ።

አማካሪው፦ እንዲያባርሩ የሚመክር አማካሪ ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው። ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ይጸዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቢን ውስጥ ያድራል አይደል? ማጽጃው ክፍል ብቻውን 40 ኪሎዋት ይስባል። ወፍጮው ሙሉ ተመግቦ ሳለ ማጽጃውም አብሮ ስለሠራ ነው ከፍታው 200 የደረሰው። ወፍጮው ቀን ይሥራ፤ ማጽጃው፣ ማሸጉ፣ ጥገናው ወደ ሌላው ፈረቃ ይሂድ። ከፍታው ከ200 ወደ 160 ይወርዳል፣ የዲማንዱም ሒሳብ አብሮ ይቀንሳል። ሰውም አይነካም።

ባለፋብሪካዋ፦ ማሸግ በማታ ይሻላል፤ ጠዋት መኪና ሲመጣ ዱቄቱ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። እሱስ ለኔም ይመቸኛል።

አማካሪው፦ ስንዴ እንደልብ ተገኝቶ 24 ሰዓት ሙሉ በሙሉ የፈጩ ዕለት ግን ይኼ ምክር አይሠራም። ያን ጊዜ ማጽጃውና ወፍጮው አብረው መሄዳቸው ግድ ነው፤ ያኔ ደግሞ በኩንታል የሚበላው ራሱ ትንሽ ስለሚሆን አያሳስብም። ምክር እንደ ሁኔታው ነው።

የጥገና ኃላፊው፦ ብሎወሩን እየው እስቲ። እኔ እሱን ነው የምጠረጥረው።

አማካሪው፦ ለምን ጠረጠሩት?

የጥገና ኃላፊው፦ 45 ኪሎዋት ሞተር ነው። ሲተከል አየሩ ከልክ በላይ ሆኖ ስላስቸገረን ቱቦው ላይ ያለውን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

አማካሪው፦ ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደመያዝ ነው። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ይዞራል፣ አየሩን መዝጊያው ያንቀዋል፣ ኃይሉ እዚያ ይባክናል። መዝጊያውን ከፍተን የሞተሩን ፍጥነት በኢንቨርተር ብንቀንሰው ግን ሌላ ነገር ነው። የብሎወር ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ በኩብ ነው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በ27 በመቶ ይቀንሳል። አሁን 40 ኪሎዋት የሚስብ ከሆነ ወደ 29 ይወርዳል።

የጥገና ኃላፊው፦ አየር ካነሰ ዱቄቱ ቱቦ ውስጥ ይተኛል። አንዴ ከተኛ ግማሽ ቀን ስንቀጠቅጥ ነው የምንውለው።

አማካሪው፦ ልክ ነዎት፤ እዚህ ላይ ነው መጽሐፍ ብቻ ያነበበ አማካሪ ፋብሪካ የሚያቆመው። ዱቄት የሚያጓጉዝ አየር ከተወሰነ ፍጥነት በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ በ2 በ2 በመቶ እየቀነስን፣ እርስዎ በመስኮቷ ቱቦውን እያዩ፣ “በቃ” ሲሉ እናቆማለን። 10 በመቶ ላይደርስ ይችላል። 6 ላይ ቢቆም እንኳ ኃይሉ በ17 በመቶ ይወርዳል። ኢንቨርተሩን ከመግዛታችን በፊትም በኪራይ ወይም በውሰት አምጥተን እንሞክረዋለን።

ባለፋብሪካዋ፦ ሳትሞክር አለመሸጥህን ወደድኩት።

አማካሪው፦ እኔ አልሸጥም፣ እትዬ። እሱን ስለ ክፍያ ስናወራ እመለስበታለሁ። ኮምፕረሰሩስ የት ነው?

የጥገና ኃላፊው፦ ከጀርባ። ማጣሪያ ጨርቆቹን በአየር ለማራገፍ ነው የምንጠቀምበት። 22 ኪሎዋት። አያርፍም።

አማካሪው፦ የማያርፍ ኮምፕረሰር ሁልጊዜ ያጠራጥራል። እሑድ ፋብሪካው ሲቆም እመጣለሁ። አየር የሚጠቀም ማሽን አንድም አይኑር፤ ኮምፕረሰሩን ብቻ እናስነሳውና በሰዓት እንያዘው። አየር የሚወስድ ከሌለ አንዴ ሞልቶ ማረፍ አለበት። ሁለት ደቂቃ ሞልቶ፣ ሦስት ደቂቃ አርፎ፣ እንደገና ሁለት ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ 40 በመቶው አየር በየመጋጠሚያው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ጸጥ ሲል ፉጨቱ በጆሮ ይሰማል። ያልተሰማውን በሳሙና ውሃ፤ መጋጠሚያው ላይ ቀብተው አረፋ ከነፋ እዚያ ነው። 3 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ በ7 ባር ግፊት ከ3 ኪሎዋት በላይ ትበላለች። መጠገኛው ደግሞ ጎማ ቀለበትና የቱቦ ማሠሪያ ነው፤ ከመርካቶ በርካሽ ይመጣል።

የጥገና ኃላፊው፦ ግፊቱ 8 ባር ነው። 6 ይበቃው ነበር። ዝቅ አድርገው የሚለኝ ስለሌለ ነው።

አማካሪው፦ አንድ ባር በቀነሰ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ከሚበላው 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፍሳሹ ሲደፈን ነው የሚወርደው፤ አሁን ቢያወርዱት ጨርቁ አይራገፍም።

ባለፋብሪካዋ፦ አንድ ትልቅ ነገር ልጠይቅህ። አዲስ ማሽን ልጨምር አስቤ ትራንስፎርመሩ አይችልም ተባልኩ። 315 ኬቪኤ ነው። ትልቅ ግዢ አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ራሴን አዞረኝ፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

አማካሪው፦ “አይችልም” ያሉት ምን ለክተው ነው?

የጥገና ኃላፊው፦ አምፔሩን። ሁሉም ሲሠራ 410 አምፔር ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ የሚችለው 455 ነው። እውነታቸውን ነው፣ ሞልቷል።

አማካሪው፦ አምፔሩ ልክ ነው። ግን 410 አምፔር በ400 ቮልት ወደ 285 ኬቪኤ ነው፤ የሚሠራው ኃይል ደግሞ 200 ኪሎዋት ብቻ። ፓወር ፋክተሩ 0.7 ነው ማለት ነው። ሞተር ለመዞር መግነጢስ መፍጠር አለበት፤ ለዚያ የሚስበው ኃይል ወደ መስመሩ ይመላለሳል እንጂ ዱቄት አይፈጭም። ኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥረው ቆጣሪ አይመዘግበውም፤ ኬብሉንና ትራንስፎርመሩን ግን ይሞላዋል። ጭነቱ የቀለለ ሞተር ሲበዛ ደግሞ ይብስበታል፤ ግማሽ እየመገባችሁ የመፍጨታችሁ ጉዳት እዚህም አለ። ያንን መመላለስ እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚሸፍን ካፓሲተር ቢገጠም፣ ወደ 140 ኪሎቫር፣ ፓወር ፋክተሩ 0.95 ይደርሳል። 285 የነበረው ወደ 210 ኬቪኤ ይወርዳል፣ 410 አምፔሩም ወደ 304። ከ315ቱ ውስጥ 100 ኬቪኤ ባዶ ቦታ አገኙ። አዲሱን ማሽንዎን እዚያ ላይ ይትከሉት።

ባለፋብሪካዋ፦ ትራንስፎርመር ሳልገዛ?

አማካሪው፦ ሳይገዙ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ካፓሲተሩ ዋናው ፓኔል ላይ ሲገጠም የሚፈጁት ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አይቀንስም። ጥቅሙ የትራንስፎርመሩ ቦታ ነው፤ ውልዎ ላይ ለዝቅተኛ ፓወር ፋክተር የሚከፈል ነገር ካለ እሱም ይቀራል። ያ ሰውዬ የሸጠልዎት ሳጥን ውስጥ ያለው ምናልባት ትንሽ ካፓሲተር ነው። ገበያ ላይ “መብራት ቆጣቢ” እየተባለ ለቤት የሚሸጠውም ያው ነው፤ ቤት ሶኬት ላይ ሰክተውት የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው አይቀንስም። በዚህ ስንት ሰው ገንዘቡን እየተበላ እንደሆነ ሳስበው ያናድደኛል።

የጥገና ኃላፊው፦ ካፓሲተርስ የሚቃጠል የለም? አንድ ቦታ ሲጋይ አይቻለሁ።

አማካሪው፦ ኢንቨርተር ያለበት ቦታ ያለ መከላከያ ሪአክተር ሲሰካ እንደዚያ ይሆናል። አንድ ሰው ኢንቨርተር ይሸጣል፣ ሌላው ካፓሲተር ይሸጣል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ የለም። ለዚህም ነው ቅደም ተከተሉን የምጽፍልዎት፤ አስቀድመን የሥራ ሰዓቱን እናስተካክል፣ ቀጥሎ ፍሳሹን፣ ከዚያ ብሎወሩን። ካፓሲተሩ የሚመጠነው ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ብገዛልዎት ነገ ከልክ በላይ ይሆናል።

(ስለ አምፖል አላነሱም። አብዛኛው ሰው ቁጠባ ሲባል ቀድሞ የሚያስበው አምፖል ነው፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ግን የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ጀነሬተሩን አማካሪው በአንድ አረፍተ ነገር አለፈው፦ አንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ፣ መብራት በሄደ ሰዓት ማጽጃውንና ማሸጊያውን እንጂ ወፍጮውን በናፍጣ እንዳያዞሩ።)

ባለፋብሪካዋ፦ ወንድሜ ዳላስ ምግብ ቤት አለው። እሱም የመብራት አማካሪ አለኝ ይላል። ግን ኩሽናውን ዞሮ አያይለትም፤ ስልክ ይደውልለታል፣ ውል ያስፈርመዋል። እንዳንተ ዓይነት ነው?

አማካሪው፦ ሥራው ሌላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በአብዛኛው ቦታ ደንበኛው የመብራት ሻጩን ራሱ ይመርጣል። ሻጩ ብዙ፣ ውሉ ብዙ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ለዓመት የተቆረጠ አለ፣ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ አለ። የወንድምዎ አማካሪ ውሎቹን እያወዳደረ የሚያገናኝ ደላላ ነው። ጥሩ ደላላ ብዙ ያድናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021 ያ ከባድ በረዶ ሲወርድ የጅምላው ዋጋ ሜጋዋት ሰዓቱ 9,000 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ማለት ነው። ዋጋቸው ከዚያ ገበያ ጋር የተያያዘባቸው ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ቢል መጣባቸው፤ ዋጋው የተቆረጠላቸው ከዚያ ዳኑ።

ባለፋብሪካዋ፦ እኛ ጋ ሻጩ አንድ ነው።

አማካሪው፦ ስለዚህ የእርስዎ ቁጠባ ያለው ግቢዎ ውስጥ ነው። ወንድምዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ለዚያ አማካሪ የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ክፍያው በየኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይገባል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ግን አያየውም። ቢሰውረውም ባይሰውረውም ጠይቆ ይወቀው።

ባለፋብሪካዋ፦ ያንተንስ ማን ይከፍልሃል?

አማካሪው፦ እርስዎ፤ በግልጽ። በኛ ሥራ ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ። አንዱ “ምክሩ በነጻ ነው” የሚለው ነው፤ እሱ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ምክሩ ሁሉ እሱ የሚሸጠውን ግዙ ብሎ ያበቃል። ሁለተኛው ከተቆጠበው ድርሻ የሚወስድ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን መነሻውን ማን ለካው የሚለው ላይ ጠብ ይነሳል፤ ምርት ሲቀንስ ቢሉም ይቀንሳልና አማካሪው ያልሠራበትን ሊወስድ ይችላል። ሦስተኛው ለተወሰነ ሥራ የተወሰነ ክፍያ ነው። እኔ የምሠራው በዚህ ነው፤ ከዕቃ ሻጭም ኮሚሽን አልቀበልም።

ባለፋብሪካዋ፦ ቃል ብቻ ነው ወይስ ውል ላይ ታስገባዋለህ?

አማካሪው፦ ውሉ ላይ ይገባል። የብቃት ማረጋገጫዬንም ይጠይቁኝ፤ በዘርፉ የሚሠራ ባለሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ባለቤትም ሳያይ አያስገባ። የኢነርጂ አዋጁ፣ ቁጥር 810/2006፣ የኃይል ቁጠባን ጉዳይ በሕግ አስቀምጦታል፤ ብዙ ባለፋብሪካ ግን አንብቦት አያውቅም።

ባለፋብሪካዋ፦ ሥራህ በስንት ጊዜ ያልቃል?

አማካሪው፦ የመጀመሪያው ወር መለካት ብቻ ነው። ምንም አንገዛም። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት አንድ ሰው ቆጣሪውን ያንብብ፤ ከጎኑ የገባውን ስንዴ በኩንታል ይጻፍ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። በሁለተኛው ወር የሥራ ሰዓቱን እንለውጣለን፣ ፍሳሹን እንደፍናለን። ቁጥሩ ከ11 ወደ 8 ካልወረደ ኢንቨርተርም ሆነ ካፓሲተር እንግዛ አልልዎትም፤ የሳትኩት ነገር አለ ማለት ነውና ተመልሼ እፈልገዋለሁ።

የጥገና ኃላፊው፦ ቆጣሪውን እኔ አነባለሁ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።

ባለፋብሪካዋ፦ አንተ ታነባለህ፣ ስንዴውን ግምጃ ቤቷ ትጽፋለች፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ወር ሲሞላ ወረቀቱን እኔ ራሴ አካፍለዋለሁ። ይኼ ሰውም ሪፖርቱን ለኔው ነው የሚያስረክበው። ልጄ፣ አንድ ነገር ደግሞ ጨምርልኝ፤ ከማታው ፈረቃ በዚህ ምክንያት አንድም ሰው እንደማይቀነስ።

አማካሪው፦ እሱን ውል ውስጥ ማስገባት የእርስዎ ሥልጣን ነው እንጂ የኔ አይደለም፣ እትዬ።

ባለፋብሪካዋ፦ አውቃለሁ። ሪፖርትህ ላይ “የሠራተኛ ወጪ መቀነስ” የሚል ምክር እንዳይገባ ነው። ከሠራተኞቼ አንዱ ቢያነበው ከዚያ በኋላ ቆጣሪውን በትክክል የሚያነብልኝ አላገኝም።

አማካሪው፦ ይገባል። አንቀጽ አራት እናድርገው። እሑድ ጠዋት ሳሙናውን ይዤ እመጣለሁ፤ ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩን ከኔ በፊት እንዳያስነሱት።